ድረ ገጽ ስናሠራ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

(ለሰፈራችን ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በማኅበሩ አዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ይጠቅማል ተብሎ ስለታመነበት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ከሁሉ አስቀድሞ የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ ሱቃችሁንም ለልጆች አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። የዛሬው አጀንዳችን አንድ ብቻ ነው። እርሱም አነስተኛ ንግድ ያለው ሰው ድረ ገጽ ለማሠራት ሲነሣ ባለሙያውን እንዴት ይምረጥ? ሥራውንስ በምን ውል ይስጥ? የሚል ነው።

“ይሄ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እንደምታውቁት ባለፉት ዓመታት በሰፈራችን ልብስ ሰፊውም፣ እንጨት ሥራ ቤቱም፣ የእንግዳ ማረፊያውም ድረ ገጽ ወደ ማሠራት ገብቷል። ወጣቶች በየሱቁ እየዞሩ “እንሥራላችሁ” ይላሉ። አንዱ በጥቂት ሺህ ብር እጨርሳለሁ ሲል ሌላው የዚያን አሥር እጥፍ ይጠራል። ታዲያ ሥራውን የማያውቅ ሰው በምን ይለየው? ብዙዎቻችን የምንለየው በዋጋና በውበት ነው። እኛ ግን ዛሬ ለማስገንዘብ የምንወደው ከዋጋውም ከውበቱም በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ መኖሩን ነው፤ ይኸውም “ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል?” የሚለው ነው።

በቅድሚያ ግን ድረ ገጽ ለማን ያስፈልጋል? ለሁሉም አያስፈልግም። ደንበኞቹ በየቀኑ በበሩ የሚያልፉለት የጎረቤት ሱቅ፣ ጉልት የምትሸጥ እናት፣ የእኛው ሰው የሚጠቀምበት ወፍጮ ቤት፣ ገንዘባቸውን ለዚህ ባያወጡ ይሻላል። ለእነርሱ ንግዳቸውን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ይበቃል፤ ይህም በነጻ ነው። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ደንበኛው ሩቅ ለሆነ፣ ሳያይ አምኖ ገንዘብ እንዲልክለት ለሚፈልግ ነጋዴ ነው። የእንግዳ ማረፊያ፣ የሠርግ ልብስ፣ በትእዛዝ የሚሠራ የቤት ዕቃ፣ አስጎብኚ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ማለታችን ነው።

“ቴሌግራምና ፌስቡክ እያለ ለምን?” ለሚለውም መልስ አለን። ቴሌግራም ጥሩ ገበያ ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ዳሩ ግን ገበያው የሌላ ሰው ነው፤ በሩም ሲዘጋ እኛን ጠይቆ አይዘጋም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። በአገራችን ደግሞ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመደበኛው መንገድ አይከፈቱም ነበር። በእነዚያ ወራት የራሱ ድረ ገጽ የነበረው ነጋዴ አድራሻው እንደተከፈተ ቆይቷል። በመሆኑም ገበያ ወጥቶ መሸጡ እንዳለ ሆኖ፣ ለሚያስፈልገው ሰው የራስ ደጃፍ መኖሩ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ድረ ገጽ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ስሙ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ ጽፎ የሚገባበት አድራሻ፣ ባለሙያዎቹ ዶሜይን የሚሉት። ሁለተኛው ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የኪራይ ቦታ ነው፤ ሆስቲንግ ይባላል። ሦስተኛው ገጹ ራሱ ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉ፣ ቀለሙና አቀማመጡ። በቤት ብንመስለው ስሙ ካርታው፣ ሆስቲንጉ ቦታው፣ ገጹ ደግሞ ቤቱ ነው። ቤት ሲሠራ ካርታውን በግንበኛው ስም የሚያወጣ ሰው አይተን እናውቃለን? አናውቅም። በድረ ገጽ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ይህንኑ ያደርጋል፤ ማድረጉንም አያውቅም።

ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ዶት ኮም የሚለው ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 የአሜሪካ ዶላር ያህል ያወጣል፤ የሚከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ገንዘብ በሚሠራ ካርድ ነው። ይህ ካርድ ከመካከላችን ስንቱ ጋ አለ? ስለዚህ ባለሙያው “ግድ የለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ” ይላል። በራሱ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ ካርድ ይከፍላል፤ በራሱ ኢሜይል ይመዘግባል፤ በራሱ ስም ያስገባል። እኛም “ተባረክ” ብለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ስሙን የሚመዘግበው ድርጅት ግን የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ነው። በሱቁ በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ስሙ የሚሸጥ ሳይሆን የሚከራይ ነው። ዶት ኮም ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ከዚያ መታደስ አለበት። ካልታደሰ ገጹ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ክፍያ እየተከፈለ ማስመለስ የሚቻልበት የ30 ቀን የመጨረሻ ጊዜ አለ። ያም ካለፈ ስሙ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ገበያ ላይ ይወድቃል፤ ማንም ያነሣዋል። የሌላ ሰው ስም እስኪወድቅ እየጠበቁ የሚያነሡ ነጋዴዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሰፈራችን የሐበሻ ቀሚስ የምታሠራ አንዲት እህታችን ሌሎች ይማሩበት ብላ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ በዋሺንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ሙሽሮችና ሚዜዎች ናቸው። ልካቸውን ይልካሉ፣ ጥለቱን ከድረ ገጹ ላይ ይመርጣሉ፣ ቀብድ ይከፍላሉ። በዚህ ሥራ አራት ሸማኔዎችና ሁለት ሰፊዎች ይኖሩበታል። ድረ ገጹን የሠራላት ወጣት ጎበዝ ነበር፤ ገጹም ያምር ነበር። ነገር ግን ስሙን የመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነው። ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ውጭ ሄደ፤ ስልኩ ተቀየረ። “አድሱ” የሚለው ማስታወቂያ የሚደርሰው እርሱ ትቶት ወደ ሄደው ኢሜይል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ገጹ አልከፈት አለ። እህታችን “ኔትወርክ ነው” ብላ ጠበቀች። ደንበኞቿ ደግሞ “ሥራ አቁማለች” ብለው ወደ ሌላ ሄዱ። ልጁን በቤተሰቦቹ በኩል አፈላልጋ ስታገኘው ቀኑ አልፎ ነበር፤ ስሙም በማይታወቅ ሰው እጅ ገብቷል። በከረጢቱ፣ በካርዱ፣ በታፔላው ላይ የታተመው አድራሻ ሁሉ ዛሬ የእርሷ አይደለም። በዚያ የሠርግ ወራት ከአራቱ ሸማኔዎች ሁለቱ ሥራ ፈትተው ተቀመጡ።

ልብ በሉ፤ ልጁ ሌባ አልነበረም። አንድ ብር አልወሰደባትም። ብዙ ሰው እንጀራ የሚበላበት ሥራ ግን በአንድ ወጣት ኢሜይል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አባቶች “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። መጥኖ መደቆሱ ምን ይመስላል? ባለሙያ ከመቅጠራችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ እናቀርባለን።

1ኛ. “ስሙ በማን ስም ይመዘገባል?” ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ “በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ ኢሜይል፣ በእርስዎ ስልክ” የሚል። ክፍያውን ባለሙያው በካርዱ ቢከፍልልን ችግር የለውም፤ ብሩን እንመልስለታለን። መዝገቡ ግን የእኛ ይሁን። በዶላር መክፈል የሚቸግረው ሰው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠውን ዶት ኢቲ የሚለውን የአገራችንን ስም መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያው በብር ነው። “ኢሜይል የለኝም” የሚል ካለ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይጠይቅ፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ስሙም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሞ ይወሰን። ለምሳሌ “ጸሐይ” የሚለውን አንዱ በቲ ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። በንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር አንድ ቢሆን ደንበኛ አይሳሳትም።

2ኛ. “ከዚህ በፊት የሠራኸውን አሳየን።” ባለሙያው በራሱ ኮምፒዩተር የሚያሳየንን ብቻ አይተን አንርካ። አድራሻውን ተቀብለን በራሳችን ስልክ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ እንክፈተው። ደንበኛችንም የሚከፍተው እንዲሁ ነው። ከዚያም ገጹ ወደ ተሠራለት ነጋዴ ደውለን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በቀኑ አስረከበህ? ከጨረሰ በኋላ ስትደውል ያነሣል? ፓስወርዱ ያለው ማን ጋ ነው? ሠራተኛ ቤት ስናስገባ ዋስ እንጠይቅ የለም እንዴ? ይህም ያው ነው።

3ኛ. “አማርኛውስ?” ይህን የማይጠይቅ ብዙ ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የየራሱ አሠራር ነበረው፤ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ዛሬም አንዳንዱ ባለሙያ አማርኛውን እንደ ሥዕል ይለጥፈዋል። ሥዕል ከሆነ ጉግል እንደ ጽሑፍ ላያነበው ይችላል፤ ደንበኛም ሲፈልገን አያገኘንም። መፈተኛው ቀላል ነው። ገጹ ላይ ያለውን የአማርኛ መስመር በጣታችን ተጭነን እንያዝ፤ ኮፒ አድርገን ወደ ቴሌግራም መልእክት እንለጥፈው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው፤ ካልወጣ ወይም ካልተያዘ ይስተካከል። ሰዓቱንም እንመልከት። “ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን” ብንል የአገራችን ሰው ጠዋት መሆኑ ይገባዋል፤ የውጭ እንግዳ ግን ሌላ ይረዳል። በውጭው አቆጣጠር 8 ሰዓት መሆኑ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ይጻፍ። ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። ክፍል የሚያከራይ ሰው በዚህ ብቻ እንግዳ ሊያጣ ይችላል።

4ኛ. “ገጹ ምን ያህል ይከብዳል?” በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ 10 ፎቶ ያለበት ገጽ የደንበኛውን 40 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ ሳይከፈትም ሰውየው ይሰለቻል። አዋቂ ባለሙያ እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ያሳንሰዋል፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም አይታወቅም፤ አሥሩም ተደምረው 2 ሜጋባይት ይሆናሉ። ብዙ የሚንቀሳቀስና የሚያብረቀርቅ ነገር የሚያበዛ ባለሙያ ለእኛ ደንበኛ ሳይሆን ለራሱ ማሳያ እየሠራ መሆኑን እንወቅ።

5ኛ. “ከተረከብን በኋላ ዋጋ ሲቀየር ማን ያስተካክላል?” የክር ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ጊዜ አንዲት ቁጥር ለማስቀየር ሰው መለማመጥ የለብንም። ዎርድፕሬስ የሚባል ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ በነጻ የሚገኝ መሣሪያ አለ፤ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ10 አራቱ ያህል የሚሠሩት በእርሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ቢሄድ ሌላው ይቀጥለዋል። በሌላ መሣሪያ እሠራለሁ የሚል ካለም ይሥራ፤ ነገር ግን “አንተ ባትኖር ሌላ ሰው ሊቀጥለው ይችላል ወይ?” ተብሎ ይጠየቅ። ዋጋና ፎቶ መቀየርንም ለእኛ ወይም ለልጃችን ማስተማር የሥራው አካል ይሁን።

6ኛ. “በየዓመቱ ምን ምን እከፍላለሁ?” ስሙ፣ ሆስቲንጉ፣ ጥገናው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። በአንዳንድ ማሰሻዎች በድረ ገጹ አድራሻ ፊት የምትታየዋ የቁልፍ ምልክት የምትመጣበትን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ለእርሷ ብቻ በየዓመቱ ብዙ ብር የሚጠይቅ ካለ ምክንያቱን ያስረዳ።

ከጥያቄው ሌላ ምልክትም አለ። “በጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ” የሚለውን አትመኑ፤ ጉግል ራሱ ማንም ይህን ዋስትና መስጠት እንደማይችል ይናገራል። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቀውንም አስቡበት። ምን እንደምትሸጡ፣ ለማን እንደምትሸጡ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራውንም እንዲሁ። በአንጻሩ “ደንበኞችዎ ከየት ናቸው? በስልክ ነው በኢሜይል የሚያዝዙት? ክፍያውን በቴሌብር ነው በባንክ?” እያለ የሚጠይቅ፣ ባስፈለገም ጊዜ “ለጊዜው ድረ ገጽ አያስፈልግዎትም” ብሎ በድፍረት የሚነግራችሁ ወጣት፣ እርሱ የእናንተ ሰው ነው።

ባለሙያው ከተመረጠ በኋላ ቀጣዩ ውል ነው። “የሰፈራችን ልጅ አይደል፣ ምን ውል ያስፈልገዋል?” የሚል ንግግር እንሰማለን። ኧረ ያስፈልገዋል! ልጁን ስለማናምነው አይደለም፤ ሁለታችንም የተነጋገርነውን እንዳንረሳ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 ላይ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። እንግዲህ በሁለት ገጽ ወረቀት የራሳችንን ሕግ መጻፍ ስንችል ለምን እንተወዋለን?

በውሉ ላይ የሚከተሉት ይግቡ። ስንት ገጽ ይሠራል? በየትኞቹ ቋንቋዎች? መቼ ያልቃል? ጽሑፉንና ፎቶውን ማን ያቀርባል? ካየነው በኋላ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንጠይቃለን? ክፍያው በሦስት ቢከፈል መልካም ነው፤ አንዱ ሲጀመር፣ አንዱ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲታይ፣ የመጨረሻው ቁልፎቹ ሁሉ ሲያስረክቡ። ከሁሉም በላይ “ስሙ፣ ሆስቲንጉና በገጹ ላይ ያለው ሁሉ የባለ ንግዱ ንብረት ነው” የሚል ዐረፍተ ነገር በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ለየአንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ይያዝ።

በርክክቡ ቀን ደግሞ ሻይ ጠጥቶ መለያየት ብቻ አይደለም። ባለሙያው አጠገባችን ተቀምጦ ፓስወርዶቹን ሁሉ እኛ ራሳችን እንቀይር፤ የማረጋገጫው ኮድ በእኛ ስልክ እንዲመጣ እናድርግ። የገጹን ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ተቀብለን እናስቀምጥ። ስሙ የሚታደስበትን ቀን በወረቀት ጽፈን ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል እናኑር። የንግድ ፈቃድ ማሳደሻን የማይረሳ ሰው ይህንንም አይረሳም።

እስካሁን የባለሙያውን ግዴታ ተናገርን፤ የእኛም አለ። ፎቶና ጽሑፍ ሳንሰጥ “ለምን ዘገየ?” ማለት አይገባም። ሥራው ካለቀ በኋላ “ይህችንም ጨምርልኝ” እያልን ያልተዋዋልንበትን በነጻ ማሠራት ግፍ ነው። ልጆቹ የሚሸጡት ጊዜያቸውንና ዕውቀታቸውን ነው፤ የሸማኔ ድካም እንደሚከፈል የእነርሱም ይከፈል። ከልክ ባለፈ ርካሽ ዋጋ ያስገደድነው ባለሙያ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ግማሹ ጥፋት የቀጣሪው ነው።

በመጨረሻም ኮሚቴያችን ያዘጋጀውን እናስታውቃለን። ዛሬ የተናገርናቸው ነጥቦች የገቡበት የናሙና ውል በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ማንም ነዋሪ መጥቶ መገልበጥ ይችላል። የሰፈራችን ወጣት ባለሙያዎችም ውሉን አንብበው አስተያየት እንዲሰጡበት እንጋብዛለን፤ ለእነርሱም ጥበቃ ነውና።

ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ ለሠራላችሁ ሰው ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስሙ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? መቼ ነው የሚታደሰው? ፓስወርዱ የት ነው? ሰውየው አጠገባችሁ እያለ፣ ፍቅርም እያለ፣ ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ገንዘብም ልመናም ላይመልሰው ይችላል።

 አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።